ነጭ ገደል በስንት ሰዓት ይወጣል

የመንገድ መሪነት ሥራ የጀመርኩት በጥር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ከአካባቢያችን መንገድ መሪዎች ሁሉ አንጋፋው ጋሽ ሰይድ ከመርሳ ወጣ ብለው መንገድ ዳር ጠበቁኝ። ሰላምታ ሰጥቼ ሳልጨርስ «የጫማህን ሶል አሳየኝ» አሉ። እግሬን አነሣሁላቸው። «ለደረቅ ይሆናል» ብለው ቀደሙኝ።

ነጭ ገደል የኖራ ድንጋይ ተራራ ነው። ዙሪያውን ያሉት ተራሮች ጥቁር ናቸው። ዝናብ ድንጋዩን እየበላ ቦይ ቦይ አድርጎታል። አናቱ ላይ ውኃ አይቆምም፤ በስንጥቁ ገብቶ ከግርጌ፣ ከማሽላው ማሳ አጠገብ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። መንገዱ በማሳው ይጀምርና ኮረቱን አቋርጦ «ልሙጥ» የምንለው ተዳፋት ድንጋይ ላይ ይደርሳል። ከልሙጥ በላይ ሰፊ ዋሻ አለ። እንግዶች የሚመጡት ለዋሻው ነው።

አረማመዱን ጋሽ ሰይድ አስተማሩኝ። ልኬቱን ከአሮጌ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ራሴ ተማርኩ። ሜትር፣ የእጅ ሰዓትና ደብተር ከኪሴ አይጠፉም ነበር። በየመታጠፊያው ቀይ ቀለም ቀባሁ።

በሁለተኛው ዓመት የመንገድ መሪዎች ማኅበራችን ግርጌው ላይ ሰሌዳ ሊተክል ወሰነ። በጥርና በየካቲት ሦስት ጊዜ ብቻዬን ወጥቼ ለካሁ፤ መካከለኛውን ያዝኩ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ሰብሳቢያችን አቶ ደረጀ ቁጥሩን አልወደደውም።

«አንድ ሰዓት ተኩል በለው። እንግዳ አታስደንግጥብን።»

«አንድ ሰዓት ከአርባ ነው።»

«ለአሥር ደቂቃ ነው እንዲህ የምትከራከረኝ?»

«ለአሥር ደቂቃ ነው።»

ስቆ ቀለሙን ሰጠኝ። የዚያን ቀን ኮርቼ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ሰሌዳው ፊት ቆመው ምን እንደሚል አስነበቡኝ። «ይህማ የፍየል ሰዓት ነው» አሉ። «የሰውን መቼ ትጽፋለህ?» እኔም ሳቅሁ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ጦርነቱ የደረሰብን በነሐሴ ነው። በነሐሴ ሠርተን አናውቅም። እንግዳ ስለማይመጣ ገመዱን በሰኔ ጠቅልለን እናስቀምጥ ነበር። በወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ መሰማት ሲጀምር የመርሳ ሰው ከቤቱ ወጣ። መኪና ያገኘው በአስፋልቱ ወደ ደሴ ሄደ፤ ያላገኘው ዋሻው ውስጥ ሊጠለል ወደ ነጭ ገደል መጣ።

ጋሽ ሰይድና እኔ ጠዋት የመጡትን ይዘን ወጣን። ልሙጥን ቀይ ጭቃ ለብሶት እንደ ሳሙና ያዳልጥ ነበር። ሰውን አንድ በአንድ በገመድ ስናሻግር ዋልን። አመሻሹ ላይ ጭጋግና ዝናብ አንድ ላይ ወረዱ። ከኋላ የቀረ ሰው ስላላየን ዋሻው ገባን።

ሲነጋ ወደ ልሙጥ ወረድኩ። እትዬ አስካለ ከድንጋዩ ሥር ተቀምጠው ነበር። መርሳ ላይ ሱቅ አላቸው፤ ደብተርና ባትሪ የምገዛው ከእሳቸው ነው። እናታቸው እማማ የሺ ጭናቸው ላይ ተኝተዋል። ጋቢው እስከ ፊታቸው ተስቧል።

«ሰሌዳህ ጋ ስንደርስ አሥር ሰዓት ነበር» አሉኝ። «አንድ ሰዓት ከአርባ ይላል። ሳይጨልም እንገባለን አልኳት። እዚህ ስንደርስ ጨለመ። ብንጣራም ዝናቡ ድምፃችንን ዋጠው። ብርዱን አልቻለችውም።»

አጠገባቸው ተንበረከክኩ።

«ወደ ላይ ነው የምንወስዳት ወደ ታች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ነጭ ገደል ላይ መቃብር የሚቆፈርበት አፈር የለም። በቃሬዛ አውርደን ማሳው ዳር ቀበርናቸው። የቆፈሩት ጋሽ ሰይድ ናቸው። ካህን አላገኘንም፤ እትዬ አስካለ የሚያውቁትን ጸሎት አደረሱ።

ጦርነቱ ሲያልፍ ሰሌዳው አልነበረም። ማገዶ ሆኗል። አቶ ደረጀ አዲስ እንድጽፍ አዘዘኝ።

«የድሮውን ቁጥር ታስታውሰዋለህ አይደል?»

«አስታውሰዋለሁ። ግን እሱን አልጽፍም። ነሐሴን ልጠብቅ።»

ነሐሴ ሲገባ እትዬ አስካለ ሱቅ ሄጄ አብረውኝ እንዲወጡ ለመንኳቸው። ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው።

«እኔ የእሷን ያህል አላረጀሁም እኮ» አሉ።

«በእሳቸው እርምጃ ይሂዱልኝ።»

በማግስቱ ሱቃቸውን ቆልፈው መጡ። ጋሽ ሰይድ ገመዱን ይዘው ቀደሙ። ከሰሌዳው ቦታ ስንነሣ ሰዓቴን ማስቆጠር ጀመርኩ። እትዬ አስካለ እናታቸው ባረፉበት ሁሉ አረፉ። ልሙጥ ሥር ሲደርሱ ያንኑ ድንጋይ ተደግፈው ተቀመጡ። ዝናቡ ያካፋል። ሰዓቱን ላቆም ቁልፉ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

«አታቁመው» አሉኝ። «እማዬም እዚህ ተቀምጣለች።»

አላቆምኩትም። ዋሻው አፍ ስንደርስ ከተነሣን አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሆኖን ነበር።

ዛሬ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አለ። «በጥር፣ ብቻውን ለሚወጣ ወጣት፦ አንድ ሰዓት ከአርባ። በነሐሴ፣ አዛውንት ይዞ ለሚወጣ፦ አራት ሰዓት ከአሥር።»

ወደዚህ ሥራ አዲስ ለምትገቡ፦ ሰዓት ስትጽፉ በየትኛው ወርና በማን እግር እንደለካችሁ አብራችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው ልኬቴ የደቂቃ ስሕተት አልነበረበትም። ይህን ግን አልጻፍኩበትም።