የእናቴ ወፍጮ በዘንገና ላይ

እንጅባራ፣ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ሚኒባስ በፋይበር ሲጠግኑ የሙጫው ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ቆምኩ። ይህን ሽታ የማውቀው ከአባቴ ጋቢ ነው።

አባቴ አናጢ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ከአንድ ፈረንጅ መምህር ጋር ሆኖ ለዘንገና ሐይቅ የመዝናኛ ጀልባ ሠራ፤ ባለሸራ። ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ በእንጨት ቅርጽ ላይ እየደራረቡ ሙጫ ይቀቡት ነበር። ነፋስ እንዳይገለብጠው ከሥሩ ክብደት ያሻዋል፤ ብረት ግን አጡ። እናቴ ስትፈጭበት ያለቀ የድንጋይ ወፍጮዋን ሰጠቻቸው፤ ከጀልባው ሥር ገጠሙት።

ጎረቤታችን አያ ዋሴ ሳቁ። «ድንጋይ ታቅፎ የሚንሳፈፍ የት አይተሻል? ዘንገና እንደሆነ ጥልቀቱ መጨረሻ የለው!»

«እንግዲያው መጀመሪያ የምሳፈርበት እኔ ነኝ» አለች።

ከመምህሩ ጋር የገባች ዕለት ነፋሱ ሸራውን መታው፤ ጀልባው በጎኑ ተኛ። አያ ዋሴ «ወየው!» አሉ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አባቴ ትከሻዬን ይዞ፣ «ከታች ያለው ያቃናዋል» አለኝ። አልገባኝም። ዓይኔን ስገልጥ ጀልባው ቀጥ ብሏል፤ እናቴ ከመሀል ሐይቅ ትጣራለች፦

«አያ ዋሴ! ወፍጮዬ ይኸው እየፈጨ ነው!»

«እማማ፣ ሽታው ይጎዳዎታል፤ ራቅ ይበሉ» አለኝ የጋራዡ መካኒክ።

«ወንበር አምጣልኝ» አልኩት።