ወንፊቱ ይነቀል ወይስ ይቆይ?

ስሙኝማ! ለሽርሽር አይደለም የወጣሁት። ነገ ቂርያት ማላኪ፣ ሰፈራችን አዳራሽ ውስጥ፣ ወደ እስራኤል ሲመጡ ሱዳን መንገድ ላይ ሞተው የቀሩት ሰዎች ስም ይጠራል። ደብተሩን ይዞ የሚያነበው አባዬ ነው። ስም ሲጠራ የሟቹ ዘመድ ብድግ ይላል፤ ወጉ ይኸው ነው። አምና የእማዬ እህት፣ የአክስቴ የአስቴር ስም ተጠርቶ አለፈ። እማዬ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ነበረች፤ አልሰማችም፣ አልተነሳችም። "እህቴን ሰው የሌላት አስመሰልኳት" እያለች ስንት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ጥፋቱ የራምቆሉ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ናቸው። ለአዳራሹ ኃላፊ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ስም ብቻ አይደል የሚነበበው? እናንተ ታውቁት የለ!" ደሜ ፈላ። ዛሬ ጠዋት መሰላል ወጥቼ ከሁለቱም ማጉያዎች ጡሩምባ ጀርባ ድራይቨሮቹን ፈታሁ። ድራይቨር ማለት ትልቅ ማግኔት ያለው፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ዕቃ ነው። አፉ ላይ ቆሻሻ እንዳይገባ ስስ የሽቦ ወንፊት አለው። የሁለቱም ወንፊት በአቧራ ተደፍኗል። ልንቀለው? ልተወው? እኔ ምን አውቃለሁ፣ ትምህርቱን አሥረኛ ላይ ነው የጣልኩት። የምሠራው ብረት ቤት ነው። የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ የሥራ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻቸው አውቶቡስ ላይ ዘለልኩ።

ገዴራ፣ ረፋዱ ላይ

ሻራቭ ነው፣ የበረሃው ነፋስ። ሰማዩ ቢጫ ሆኗል፣ የብርቱካኑ ዛፍ ሁሉ አቧራ ለብሷል። "ኧረ ማዝጋኑን ክፈተው፣ በሙቀት አለቅን!" ብለው ሾፌሩ ማቀዝቀዣውን ትቶ "መስኮት አለልህ" አለኝ። ከፈትኩ፣ አሸዋ ቃምኩ።

ገዴራ ዋናው መንገድ ላይ የሙዚቃ ዕቃ የሚጠግን አንድ ጎረምሳ አለ። ቡሬካሱን እያኘከ፣ ዕቃውን በቅጡ ሳያይ፣ "አሒ፣ ወንድሜ፣ ንቀለው!" አለኝ። "ወንፊት ድምፅ ያፍናል።"

"አቧራ ቢገባስ?"

"አዳራሽ ውስጥ አይደለም እንዴ የምትሰቅለው?"

በፒንሳ ያዝ አድርጎ የአንዱን ቦጨቀው። ሃምሳ ሼቅል። ወደ ሁለተኛው እጁን ሲልክ "ቤሰደር፣ እሺ፣ ይኸኛው ይቆይ" ብዬ ነጠቅኩት። ያቭኔ አያ መኮንን አለ፤ የአባዬ አገር ሰው፣ ጡረታ እስኪወጣ የድምፅ ዕቃ ሲጠግን የኖረ። እሱ ይፍረደው።

ያቭኔ፣ እኩለ ቀን

አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ቦርሳዬን እንደ ሕፃን አቅፋለሁ። ሁለቱም ቢበላሹስ? እማዬን ምን እላታለሁ?

አያ መኮንን በሩን ሲከፍት ከሰላምታ በፊት ኃላፊውን መርገም ጀመርኩ።

"ቁመትህ የአባትህ ነው። ምላስህን ከየት አመጣኸው?" አለኝ። "ግባ፣ መጀመሪያ ውኃ ጠጣ።"

ከዚያ ወንፊት የሌለውን ድራይቨር በባትሪ እያበራ አየው።  

"በምን ይዘኸው መጣህ?"

"በሥራ ቦርሳዬ።"

"ሥራህስ?"

"ብረት ቤት።"

"ወይኔ ልጄ!" ቦርሳዬን ጋዜጣ ላይ ገለበጠው። ከሥሩ የብረት ብናኝ ዝርግፍ አለ። ማግኔቱ መንገድ ለመንገድ ሲስበው ኖሯል። ወንፊት ያለው ብናኙን ደጅ አስቁሞታል። የተነቀለው ግን ጉሮሮው ውስጥ ጥቁር ጢም አብቅሏል።

"ያ የገዴራው አህያ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ወንፊቱን እሱ ነቀለ። ቦርሳውስ የማን ነው?"

ቦርሳዬን ከጋዜጣው ላይ አንስቼ ወደ ደጅ አወጣሁት።

"ወንፊት ትንሽ ድምፅ ይቀንሳል፣ ልጁ አልዋሸህም" አለኝ አያ መኮንን። "ንጹሕ ቤት ቢሆን ነቅለህ ትገላገላለህ። የእናንተ አዳራሽ ጎረቤቱ ምንድን ነው?"

"ብረት መቁረጥ የሚያስተምሩበት ክፍል። በሩም አይዘጋም።"

"እንግዲያማ አይነቀልም። ይጸዳል፣ ሲያረጅ ይለወጣል።"

የተደፈነውን ወንፊት በቀስታ አንስቶ በአዲስ ተካው። የሌላውን ብናኝ ደግሞ በሚጣበቅ ፕላስተር ጫፍ እየነካካ ሲለቅም ዋለ። እኔ ባትሪውን ይዤ አበራለታለሁ። ሲሞክራቸው አንዱ ጥርት አለ። ሌላው "ስ" ባለ ቁጥር ይንሿሿል።

"ይኸ ለነገ አይደርስም፤ ውስጡ ተጭሯል" አለ። "ደህናውን የት ልትሰቅለው ነው?"

"ከኋላ፣ ሴቶቹ ጋ።"

"ወንዶቹስ?"

"እግር አላቸው፣ ወደ ፊት ይጠጉ!"

አያ መኮንን ሳቀ፤ ለእኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ቂርያት ማላኪ፣ አመሻሹ ላይ

አያ መኮንን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ የሰጠኝን ደህናውን ከኋላ ሰቀልኩት። አባዬን "በል ስሞቹን አንብብ፣ እንሞክረው" ስለው ተቆጣ። "ሙታን ለሙከራ አይጠሩም!" በስንት ልመና የመድኃኒቶቹን ስም ከወረቀት ላይ አነበበ። እማዬ ከኋላ ሆና "የደም ግፊቱን ረሳኸው!" ብላ ጮኸች። ሰምታለች። ነገ አዳራሹ ሰው ሲሞላ፣ ልቅሶው ሲደራረብ ግን እንዴት እንደሚሆን እንጃ።

የተማርኩት? አንድ ነገር ከመንቀልህ በፊት ምን እየከለከለ እንደቆመ እይ። አንዱን ያበላሸሁት በራሴ ችኮላ ነው፣ አልክድም። ግን ማጉያውን አንድ ቀን እንኳ ያልጠረጋችሁ የአዳራሹ ኃላፊዎች፣ እናንተን ልጠይቅ፦ የምርጫ ሰሞን ንግግር ስታደርጉ የሚያብረቀርቅ ራምቆል በመኪና ታስመጣላችሁ፤ የእኛ ሙታን ስም ሲሆን የተደፈነው ይበቃል ያለው ማነው?