መስኮቱን ዝጊው

ቦሌ ቡልቡላ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ ሁለት ኮምፒውተር ነበረን፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ። ቀኑን ሙሉ የኪራይ ውልና ማመልከቻ እንተይባለን፤ ደንበኛ ሲጠፋ ግጥም እንጽፋለን። ግጥም ያስጀመርኳት እኔ ነኝ። በሁለት ዓመት ብቻ ብበልጣትም ስንኟን እያሳየችኝ "ጋሼ፣ ይሄስ?" ትለኝ ነበር። ለአንድ የግጥም ምሽት ሁለታችንም ስንልክ የተመረጠችው ግን እሷ ናት። ለእኔ መልስ እንኳ አልመጣልኝም።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት። ጥርሴን ብቻ ነው ያሳየኋት።

አዘጋጆቹ አንድ አዲስ ግጥም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ላኪ አሏት። ከጠዋት ጀምሮ ስትጽፍ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ሚኒባሱ ከየካ አባዶ ሰው ሳይሆን እንቅልፍ ጭኖ እንደሚመጣ ጽፋለች። በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። እንዴት እኔ አላየሁትም?

ስምንት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን አፕዴት አድርጉ የሚለው መስኮት ብቅ ብሎ ስክሪኗን ሸፈነው። "አሁን ጀምር" የሚለው ቁልፍ ትልቅና ሰማያዊ ነው። ማዘግየት የሚፈልግ ሰው ከሥር ያለችውን የደበዘዘች ዓረፍተ ነገር መንካት አለበት፤ የምትነካ መሆኗን ግን ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ጥጉ ላይ ያለችውን ኤክስ ይጫናል። ፕሮግራሙ ደግሞ ያንን እንደ እሺታ ይቆጥረዋል፤ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ሳያስጠነቅቅ ሁሉን ነገር ዘግቶ ማሽኑን ያጠፋና እንደገና ያስነሳል። ባለፈው ወር የራሴን ግጥም የበላው እንዲህ ነው። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

"አንተ፣ ይሄ ነገር ደግሞ መጣ። ምን ላድርገው?"

የአንድ ሽማግሌ ማመልከቻ እየተየብኩ ነበር። ቀና ሳልል፣ "ዝጊው በቃ" አልኩ።

ዘጋችው።

ግጥሟ ሴቭ እንዳልተደረገ አውቃለሁ። ሴቭ ሲደረግ ስም ይጠየቃል፤ ግጥም ሳያልቅ ስም አይወጣለትም ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

"ልጄ፣ 'በትሕትና' የሚለውን አስገባህልኝ?" አሉ ሽማግሌው።

"አስገብቻለሁ አባባ።"

"ሁለት ቦታ አድርገው። አንዱን ባያዩት ሌላውን ያዩታል።"

"እሱ ጋ ትሕትና የለም አባባ፣ ከእኔ ይበደር!" ብላ ሳቀች። ሳቋ ሆዴን አባባው፤ ሴቭ አድርጊ ልላት አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት የእንቅልፉን ስንኝ ለሽማግሌው አነበበችላቸው። "እውነት ነው! ዛሬ ጠዋት እኔም ተጭኜ የመጣሁት እንደዚያው ነው" አሉ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ስክሪኗ ጠቆረ።

"ዘግቼዋለሁ እኮ! አንተም ዝጊው ብለኸኛል፣ ዘግቼዋለሁ!"

"የተረገመ ፕሮግራም" አልኩ። ውሸት አልነበረም። ነገሩን ቀላል ያደረገልኝም ይኸው ነው።

ማሽኗ አልነሳ አለ። ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። "ጊዜ የለም። እኔ ልበል፣ አንተ ተይብ።" ዓይኗን ጨፍና ከራሷ ታወጣው ጀመር። የእንቅልፉ ስንኝ ላይ ስትደርስ ቆም አለችና አዲስ ጨመረችበት፦ ረዳቱ እንቅልፉን በትከሻው ገፍቶ በሩን ይዘጋል።

"ይሄኛው አይሻልም?"

ይሻላል። በገዛ ጣቶቼ ተየብኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ጨረስን። "አንተ ባትኖር ጠፍቶ ቀርቶ ነበር" አለች፤ "ስሙን አንተ አውጣለት።"

ይህን ብላ ሳትጨርስ መስኮቱ በእኔም ስክሪን ላይ ብቅ አለ። "እንዳትዘጋው!" ብላ ጮኸች። እጄ አልጠበቀኝም፤ በቀጥታ ሄዶ ያችን የደበዘዘች ዓረፍተ ነገር ነካ። መስኮቱ ጠፋ።

"እዚያ ጋ ይነካል እንዴ?"

"ይነካል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ልጄ፣ የእኔስ ፕሪንት?" አሉ ሽማግሌው።

"ካለፈው ወር" አልኳት።

ኪቦርዱን ከፊቴ ሳበችና ስሙን ራሷ ጻፈችለት፤ አንድ ቃል። ጆሮዬ በሐፍረት እየጋለ እንኳ ቃሉን አንብቤ እንዴት ለእኔ አልመጣልኝም አልኩ።