ለእናቴ የተጫነች ሞተር

ከታች የሕንፃችንን የደረጃ ብረት እየቆረጡ ነው መሰለኝ፤ ሽታው በመስኮት ገብቶ ከያዝኩት ሥራ አስቆመኝ። የሚቆረጥ ብረት ሽታ ከሌላው ቃጠሎ ይለያል፤ ሳንቲም የጎረሱ ያህል ምላስ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ተው፣ መስኮቱን አትዝጋው፣ ይግባ። ባለፈው የአባትህን አሮጌ ሞተር ሳይክል ከምድር ቤት አውጥተህ ስትወለውል «አክስቴ፣ በግራ በኩል ብቻ ያለችው ይቺ የእግር መርገጫ የምን ናት?» ብለህ ጠይቀኸኝ፣ «አባትህን ጠይቅ» ብዬ ሸሸሁህ። አባትህ እንደማይነግርህ እያወቅሁ ነው። ይኸው ዛሬ ሽታው አስታወሰኝና ልንገርህ።

እስራኤል መጥተን አሚሻቭ ሰፈር የገባን ሰሞን ነው። አባታችን፣ ወንድሜ፣ ማለት አባትህ፣ እና እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሁለት ክፍል እንኖር ነበር። እናታችን ጎንደር ቀርታለች። ወደ ሱዳን በእግር ስንነሳ የእሷ እናት አልጋ ላይ ነበሩ፤ «እናቴን ለማን ጥዬ?» አለችና ስንቃችንን ቋጥራ፣ በሩ ላይ ቆማ ሸኘችን። እኛ ካለፍን በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ይመጣሉ ሲባል ይቀራል፣ አውሮፕላን ሊላክ ነው ሲባል ወሬ ሆኖ ያልፋል። አባታችን ግን አንድም ቀን «ከመጣች» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ «ስትመጣ» ነው የሚሉት።

አገር ቤት ማረሻና ማጭድ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ እዚህ ፋብሪካ ያጸዱ ነበር። እኔ ልብስ ስፌት ገብቻለሁ። አባትህ አንድ ጋራዥ ይሠራል። የጋራዡ ባለቤት ኢራቅ የተወለደ ሽማግሌ ነው፤ ለሁሉም ነገር «በሰደር፣ በሰደር»፣ ሁሉ ደህና፣ የሚል፣ ሲቆጣ ብቻ ዓረብኛ የሚመጣበት። ከጋራዡ ጓሮ ሣር የበቀለበት ሞተር ወድቆ ነበርና «ካስነሳኸው ያንተ ነው» አለው። አባትህ ክረምቱን ሙሉ እየፈታ እየገጠመ ሲታገለው ከርሞ፣ አንድ ቀን እያንደቀደቀ ሕንፃችን ሥር አመጣው። ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ። አባታችን ወርደው ሞተሩን ዞሩት፣ ረጅሙን መቀመጫ በመዳፋቸው ጠፍጠፍ አደረጉና «ሁለት ሰው ይይዛል» አሉ። እኛ ልብ አላልነውም።

ከዚያ የሆነ ልጅ ጋራዡ ድረስ ሌላ ሞተር ነድቶ መጣ። ያ ሞተር ከኋላው ምንም የለውም። ፓራፋንጎው የለ፣ የዕቃ መጫኛው የለ፣ መቀመጫው ለአንድ ሰው እንኳ የሚበቃ አይመስል፣ መብራቱ ከብርቱካን የማትበልጥ። አባትህ እሱን ካየ ወዲያ እህል አልቀምስ አለ። «ሲበዛ ነው የሚያስጠላው፤ ሲቀነስ ነው የሚያምረው» ይለኛል። «ጅራቷ የተቆረጠ ዶሮ ልታስመስላት ነው» እለዋለሁ። ይስቃል፣ ግን አይመለስም። ጎረምሳ ነው፤ ጺሙ ገና አላማረበትም፣ ለራሱ ግን ያማረበት መስሎታል። እንደ አገሬው ልጆች መምሰል አምሮታል፤ ማን ይፈርድበታል።

እኔም አገዝኩት። ከምሰፋበት ፋብሪካ ቁርጥራጭ ጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ ለምኜ አመጣሁና ለአንድ ሰው የምትሆን አጭር መቀመጫ ሰፋሁለት፤ ስፌቷን ድርብ አድርጌ፣ ጠርዟን አጥፌ። ዓርብ ጠዋት ይዤለት ሄድኩ። መቁረጫው ሲጮህ ጆሮዬን ያዝኩ። ፍንጣሪው ሲሚንቶው ላይ እየዘለለ ይጠፋል፣ ፀሐይ በጣሪያው ቀዳዳ ገብታ ጭሱን ታበራዋለች፣ ያ ሽታ ይሸታል። የኋላው ብረት ኳ ብሎ ሲወድቅ አባትህ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ፤ ፊቱ ላይ ነጭ የቀረው ጥርሱ ብቻ ነው። የተቆረጠውን ጫፍ በየደው፣ በሞረድ አለሰለሰው፣ ትንሿን መብራት ገጠመ፣ ታርጋውን ወደ ጎማው ጎን አወረደው፣ እኔ የሰፋኋትን መቀመጫ አሰረ። ያን ሁሉ ስስቅበት ከርሜ፣ አማረ። በጣም አማረ።

ሰንበት ሊገባ ሲል አባታችን ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ወደ ጸሎት ቤት ሊሄዱ ሲወርዱ እኛ ሞተሩ አጠገብ ቆመን ነበር። እስኪያደንቁ እየጠበቅን። ቆሙ። የተቆረጠውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«እናትህስ የት ልትቀመጥ ነው?» አሉ።

አባትህ ግራ ገባው። «አባዬ፣ እማዬ እኮ በአውቶቡስ ነው የምትመጣ» አላቸው። «ከአህያ የዋለች ጊደር…» ብለው ተረቱን ሳይጨርሱት ሄዱ።

በማግስቱ፣ የሰንበቱን ዳቦ ከቆረሱ በኋላ ነው የተናገሩት። ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ለእናታችን ካሴት ልከው ኖሯል። «አንቺ ብቻ ነይ። የብረት በቅሎ አለን። ከአውቶቡሱ ስትወርጂ ጭኜ እጠብቅሻለሁ፤ ራሴ ስቤ ደጅሽ አደርስሻለሁ» ብለዋታል። እናንተ ይህን አታውቁትም። በእኛ አገር የተከበረ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ቤት ቁጭ ብሎ አይጠበቅም፤ በቅሎ ተጭና መንገድ ድረስ ወጥተው ነው የሚቀበሉት። በቅሎዋን ደግሞ ሌላ ሰው አይስባትም፤ ተቀባዩ ራሱ ነው ልጓሟን የሚይዝ። «እሷን ትተን የመጣን እኛ ነን» አሉ አባታችን። «በባዶ እጄ ልቀበላት? ቃሌን ነው የቆረጣችሁት።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይኸ ነው። አባትህ አንገቱን ደፍቶ «እንደ ነበረ እመልሰዋለሁ» አለ። አባታችን ያን ጊዜ ነው ቀና ብለው ያዩት። ልጃቸው በዚህ አገር ደስ ብሎት ያዩበት ነገር ያ ሞተር ብቻ እንደሆነ ያወቁ ይመስለኛል።

«አይ፣ ተወው፣ አምሮበታል» አሉ። «የምትነሳ ኮርቻ ሥራላት። በቅሎም እኮ ሁልጊዜ ተጭና አትውልም። ሰው ሲቀበሉባት ነው የምትጫን።»

አቤት የዚያን ቀን የወደድኳቸው መውደድ። አሁንም እየቆረጡ ነው፣ ትሰማለህ? እኔ ስፖንጁን ደራርቤ ሰፊ፣ ወፍራም መቀመጫ ሰፋሁ። አባትህ ከአጭሩ መቀመጫ ኋላ፣ ከሥር ዓይን የማይገቡ ሁለት የብሎን ማሰሪያዎች በየደ፤ ሰፊው መቀመጫ ሲፈለግ እዚያ ላይ ይታሰራል፣ ሳይፈለግ ይነሳል። የእግር መርገጫዋን ግን አባታችን ለማንም አልሰጡም። ጋራዡ መጥተው፣ ተቆርጦ ከተጣለው ብረት መርጠው፣ አግለው፣ ራሳቸው ቀጠቀጧት። መዶሻው በእጃቸው ሲወጣና ሲወርድ ሳይ አገር ቤት የነበሩት አባቴ ተመለሱልኝ። አባትህ በሁለቱም በኩል ሊያደርግ ሲል «ምን ያደርጋል? በቀሚስ ናት፣ ወደ ጎን ነው የምትቀመጠው» አሉት። በግራ ብቻ ሆነች።

ከዚያ ደግሞ መለማመድ አማራቸው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ኮርቻው ታስሮ፣ እጀታውን ይዘው ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤታችን ባዶውን ሳቡት። የሰፈር ልጆች ተከተሏቸው። አንዲት ሩማኒያዊት ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብላ ቤንዚን አልቆባቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። «በሰደር፣ በሰደር» አሏት፤ ከሚያውቁት ዕብራይስጥ የሚቀናቸው እሱ ነበር።

ኮርቻው በጋቢያቸው ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ዓርብ ዓርብ ያወርዱታል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉታል፣ መልሰው ይጠቀልሉታል። አንድ ቀን ወንድሜ ገበያ እንዲያደርሰኝ ፈልጌ ብጠይቃቸው «የእናትሽ ነው፤ የሰው ኮርቻ ላይ አይቀመጡም» ብለው ከለከሉኝ። ተቆጥቼ በእግሬ ሄድኩ። አባትህ ብቻውን በዚያች በተራቆተች ሞተሩ በሃዳር ጋኒም ሰፈር በኩል ሲያልፍ ልጃገረዶቹ ዞረው ያዩታል፤ አባታችን ያዩታል፣ ይስቃሉ፣ ግን ዓርብ ሲሆን ጨርቁን ያነሳሉ።

ዓመታት ሄዱ። አባትህ አገባ፣ መኪና ያዘ፣ ሞተሩን ግን ሽጥ ቢሉት አልሸጠም። አባታችን በአንዱ ክረምት ሳል ይዟቸው አልለቅ አለ። ሆስፒታል ሆነው «ዓርብ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኝ «ጠርጌዋለሁ» አልኳቸው። ያረፉት በዚያ ሰሞን ነው። አገር ቤት የቀሩትን የጫኑት አውሮፕላኖች የመጡት እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ ነው።

እናቴ መጣች። አጥንቷ ወጥቶ፣ ፀጉሯ ነጥቶ፣ ግን እሷው ናት። እንግዶቹን ያሳረፏቸው ሆቴል ነበር። ሽማግሎቻችን «መርዶ ሆቴል አይነገርም። ቤቷ ትግባ፣ ሲነጋ ተሰብስበን እንነግራታለን» አሉ። ስለዚህ አባታችሁስ ብላ ስትጠይቀኝ «ቤት ናቸው፣ ይጠብቁሻል» አልኳት። አልገረማትም። «አዎ፣ መንገድ ወጥቼ ነው የምቀበልሽ ብሎኛል» አለች። ካሴቱን ክሩ እስኪበጠስ ሰምታዋለች። አውቶቡስ ውስጥ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ባቆመ ቁጥር «እዚህ ነው?» ትለኛለች።

ስንወርድ አባትህ ቆሟል። አልነገረኝም ነበር። ሞተሩን አጥቦ፣ ኮርቻውን አስሮ፣ እጀታውን ይዞ ቆሟል። እናቴ አቅፋው፣ ስማው፣ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ቀጥላ ኮርቻውን በመዳፏ ጠፍጠፍ አደረገችው፣ ልክ አባታችን እንዳደረጉት። ከዚያ መንገዱን ወዲህና ወዲያ አየች።

«የምትስባት አንተ ነህ?» አለችው።

አባትህ እጀታውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። የሽማግሎቹን ንጋት መጠበቅ አላስፈለገም። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ አዘቀዘቀችው፤ ጥለቱ ወደ አንገቷ ወጣ። ክርኗን ያዝኩ። «ተዪኝ፣ ልውጣ» አለች። ግራ እግሯን መርገጫዋ ላይ አሳረፈች፣ ወደ ጎን ተቀመጠች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች።

አባትህ ሳበ፣ እኔ ከኋላ ገፋሁ። ደጃችን ላይ ሲቆም ወዲያው አልወረደችም፤ የኮርቻውን ስፌት በጣቷ ስትዳብስ ቆየች።

«እንዳለው አደረሰኝ» አለች።