ደረጃ ሦስት የተባለው ዳገት

ያንን ካርታ የሠራሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላሳሳተኝም። ዛሬም ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳየው ደሜ ይፈላል። ግማሹ ንዴት በራሴ ላይ ነው፤ ግማሹ ከካርታው ሥር ተቀምጠው ሻይ በሚጠጡት ኃላፊያችን ላይ።

ሥራው የላስታን ዳገቶች ዛፍ የማሳደግ አቅማቸውን እያዩ በሦስት ደረጃ መክፈል ነበር። አንደኛው አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ቢጫ፣ ሦስተኛው ቀይ ይቀባል። አረንጓዴው ደን ሆኖ ይቀጥላል፤ ቀዩ ለደን አይረባም ተብሎ ለሌላ አገልግሎት ይለቀቃል። አለካኩ ቀላል ነው። የዛፎቹን ዕድሜ ትጠይቃለህ፣ ከመካከላቸው ሦስቱን ረጃጅሞች ትለካለህ። በዕድሜያቸው ልክ ረዝመው ከሆነ መሬቱ ጥሩ ነው። ከዚያ ጉድጓድ ቆፍረህ የአፈሩን ጥልቀት ታያለህ።

ከብልባላ መንገድ ወጣ ብሎ ባለ ዳገት ላይ የአንድ ሽማግሌ ባሕር ዛፍ ነበር። ልጆቻቸውን ያስተማሩት ከዚያ እየቆረጡ ሲሆን ለእርጅናቸውም ያላቸው እሱው ብቻ ነው። የሄድኩ ቀን ለቅሶ ሄደው አላገኘኋቸውም፤ የዛፎቹን ዕድሜ የነገረችኝ ጎረቤታቸው ናት። አካፋውን ከታች መኪናው ውስጥ ትቼዋለሁ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ተመልሼ መውረድ ሰለቸኝ። ሦስት ዛፍ ለካሁ። አጫጭር ነበሩ። በመካከላቸው ወፋፍራም ጉቶዎች አየሁ፤ አየሁ እንጂ አልጠየቅሁም፣ ቅጹ ላይ ስለ ጉቶ የሚጠይቅ መስመር የለማ። የአፈር ጥልቀት በሚለው ቦታ ሳልቆፍር «ጥልቀት የለውም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ካርታው ከታተመ በኋላ ሽማግሌው ቢሮ መጡ። ዳገታቸው ቀይ ተቀብቶ ለድንጋይ ማውጫ ሊሰጥ መሆኑን ሰምተዋል።

«አንች ነሽ የለካሽው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ።»

«በይ ነይ፣ ረጃጅሞቹን ላሳይሽ።»

ወደ ቀበሌያቸው ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። ጣሪያው ባለፈው ዓመት ታድሷል። ጫማዬን አውልቄ ከበሩ ቆምኩ፤ እሳቸው በከዘራቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ። ጣሪያውን የተሸከሙት ወራጆች ቀጥ ያሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥ ናቸው። እኔ ከለካኋቸው ዛፎች ቢያንስ እጥፍ ይሆናሉ።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አፈርኩ። እኔ እኮ እዚሁ አቅራቢያ የኮን ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ጠማማውን ወይም አጭሩን እንጨት የሚሰጥ የለም፣ ነውር ነው። ሰው ከዛፎቹ ሁሉ የረዘመውን መርጦ ይቆርጣል። አባቴም ሲያደርገው አይቻለሁ። ያንን ሁሉ እያወቅሁ የተረፉትን ለክቼ መሬቱን ደካማ ነው አልኩ።

በማግስቱ ለኃላፊው ነገርኳቸው።

«የተቆረጠ ዛፍ አይለካም» አሉኝ። «መመሪያው የቆመ ዛፍ ነው የሚለው።»

«እሺ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ አፈሩን ላሳይዎት።»

ቅጹን ከመሳቢያ አወጡና ፊርማዬን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ጥልቀት የለውም ያልሽው አንቺው አይደለሽም እንዴ? ካርታው ሲከለስ ይታያል።»

መቼ እንደሚከለስ ጠየቅኋቸው፤ ሲወሰን አሉኝ። ጮህኩባቸው። በሕይወቴ በአለቃ ላይ ስጮህ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው፣ አልጸጸትም። ሁለት ደብዳቤም ጻፍኩ፤ ሁለቱም ፋይል ውስጥ ገብተው ቀሩ።

ይህንኑ ለሽማግሌው ልነግራቸው ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣

«ለቤተ ክርስቲያኑ አጫጭሮቹን ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ መሬቴ አንደኛ ይወጣ ነበር?» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«ጉድ ነው» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ።

ዳገቱ ለድንጋይ ማውጫ ተሰጠና ዛፎቹ ተቆረጡ። ሳምንት ሳይሞላ ድንጋይ የሚያወጡት ሰዎች ሌላ ቦታ ይሰጠን ብለው አመለከቱና ነገሩን እንዳጣራ ተላክሁ፤ እንዲያው የሚላክ ሰው ጠፍቶ እኔው ራሴ። ስደርስ ዲጅኖና ዶማቸውን ሰብስበው ሊሄዱ ነው። አንዱ፣

«ድንጋይ የለውም፣ እመቤቴ» አለኝ። «ብንቆፍር ብንቆፍር አፈር ብቻ ነው።»

ወደ ቆፈሩት ጉድጓድ ወረድኩ። ደረቴ ድረስ ዋጠኝ። ጥቁር፣ ለስላሳ አፈር ነው፤ የባሕር ዛፎቹ ሥሮች እስከ ታች ወርደዋል። ያኔ ማውጣት የነበረብኝን ሜትር አውጥቼ ለካሁ። ሽማግሌው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«አሁንስ ስንተኛ ወጣ?»

«አንደኛ» አልኳቸው።

«በይ ጻፊው።»

ከቦርሳዬ አዲስ ቅጽ አወጣሁ። የአፈር ጥልቀት በሚለው ላይ ትክክለኛውን ቁጥር ጻፍኩ። ቀጣዩ መስመር የሦስቱን ረጃጅም ዛፎች ቁመት ይጠይቃል። ቀና ብዬ ዳገቱን አየሁት፤ የሚለካ አንድም ዛፍ አልነበረም።