ከአስኮ ቤቴል፣ እስከ ሦስተኛው ዙር

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአስኮ ተነሳን፤ እኔና ጎረቤቴ እትዬ አስካለ። ቤቴል አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነርስ እየተቆጣጠረች በነፃ የምታሠራውን የሴቶች ስፖርት ልንጀምር ነው። እኔን ሐኪም ቤት ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ክብደት ቀንሺ ብለውኛል። እሳቸውን ደግሞ ጉልበታቸው አላስነሳ ብሏቸዋል።

አየር ጤና ወርደን የቤቴል ታክሲ ሰልፍ ስንይዝ እጄን ጨበጡኝ። መዳፋቸው በላብ ቀዝቅዟል።

«ዳገት ስወጣ ደረቴን ጭምድድ ያደርገኛል። ስመዘገብ ግን ምንም የለብኝም ብያለሁ። ካወቁ ይመልሱኛል፤ እንዳትናገሪ።»

«ኧረ እትዬ! ቢብስብዎትስ?»

«በልጆችሽ ይዤሻለሁ!»

ከዚያ ወዲያ መንገዱን አላየሁትም። ታክሲው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር የማየው ፊታቸውን ነበር።

ሜዳው ላይ ሃያ ያህል ሴቶች ቆመዋል፤ ገሚሱ በነጠላ ጫማ፣ አንዷ ከቀሚሷ ሥር የልጇን ቱታ ለብሳ። ነርሷ ሲስተር ሰላም የሁላችንንም የደም ግፊት ለካች። የእትዬ አስካለ ደህና ነው ስትል ትንሽ ቀለለኝ።

ሜዳውን በእርምጃ መዞር ጀመርን። ሦስተኛው ዙር ላይ ወሬያቸው ተቋረጠ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

«አንቺ ሂጂ» አሉኝ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው።

ብናገር ዕድሜ ልካቸውን ይቀየሙኛል። ዝም ብልስ?

«ሲስተር! ደረታቸውን ያማቸዋል! ደብቀው ነው!»

ሲስተር ሰላም ሮጣ መጥታ አስቀመጠቻቸው። አቅራቢያ ወዳለ ክሊኒክ በባጃጅ ወሰድናቸው። ደጅ ላይ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፤ ለልጃቸው ልደውል ስልኬን አወጣለሁ፣ ምን ብዬ እንደምነግረው ሳጣ መልሼ እከተዋለሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወጣ።

«የልብ ችግር ይመስላል፤ ሆስፒታል እንልካቸዋለን። ሌላ ዙር ቢጨምሩ ኖሮ…» አለ።

ለልጃቸው የደወልኩት ያኔ ነው። ሆስፒታል ድረስ አብሬያቸው ሄጄ፣ እሱ ደርሶ ከእኔ ሲረከባቸው፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻዬን አስኮ ገባሁ። የተዘጋውን በራቸውን ሳልፍ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ከሳምንት በኋላ ተሽሏቸው ሲመለሱ ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«አሳጣሽኝ አይደል?» አሉኝ። ፍርሃት አፍ የሚያዘጋ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ያስጮኸኝ እሱ ነው።

«ሲስተር ሰላም ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድልዎት ቀስ ብለው ይራመዳሉ ብላኛለች» አሉ። «ያኔ ከጎኔ ሁኚ። ፈርቻለሁ።»

«እኔም» አልኳቸው።