በባሕሩ በኩል ዞረን የመጣን ቀን

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጅቡቲ፣ ሆዳን ሰፈር ባለው የልጄ ቤት ሰገነት ላይ ተቀምጬ አንድ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲወርድ አየሁ። ጎማውን አውጥቶ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሲመጣ ቆየና፣ ድንገት የሞተሩ ድምፅ ጠንክሮ ተመልሶ ወደ ሰማይ ወጣ። ጎረቤቶች አንጋጠው «ምን ነካው?» ተባባሉ። እኔ ግን ምን እንደሆነ ገብቶኛል።

ሰው ሁሉ ማረፍ ማለት ጎማ መሬት ሲነካ ይመስለዋል። ለእኛ ለአብራሪዎች ግን ማረፍ የሚጀምረው ገና ከከተማው ማዶ ካለው ተራራ በላይ ሳለን ነው። ከፍታው ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ይበርዳል፣ የክንፉ መዘርጊያ በየደረጃው ይወጣል፣ ጎማ ይወርዳል። ከምድር አንድ ሺህ ጫማ ላይ ሲደረስ ሁሉም ተሰናድቶ ማለቅ አለበት። ካላለቀ ክርክር የለም፤ ትቶ መውጣት፣ ዞሮ እንደገና መምጣት ነው። በሥራችን ቋንቋ «ጎ አራውንድ» ይባላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን ተረት አብራሪ ያወጣው ይመስለኛል።

የትናንቱ አውሮፕላን ያስታወሰኝ ነገር ሲደርስብኝ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ረዳት አብራሪ ለመሆን የቀረኝ አንድ የፈተና በረራ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ። ፈታኜ ካፒቴን ወልዴ ነበሩ። ዝምታቸው ከቁጣቸው ይብሳል ይባልላቸዋል። እሳቸው ካልፈረሙልኝ የሦስት ዓመት ትምህርቴን ውኃ በላው ማለት ነው።

በዚያው አውሮፕላን እናቴ ተሳፍራለች። አያቴ በባቡር ሥራ መጥተው ጅቡቲ የቀሩ ሰው ናቸውና እኛም ተወልደን ያደግነው አምቡሊ ሰፈር፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር፣ ሰማያዊ የተቀባ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ የእህቷን ልጅ ለመዳር አዲስ አበባ በባቡር ሄዳ፣ መመለሻዋን ከእኔ ጋር አደረገችው። አውሮፕላን ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። አንድ እጇ ላይ የበርበሬ ከረጢት አንጠልጥላ መሰላሉ ሥር ስትደርስ፣

«በግራ በኩል መስኮቱ ጋ ተቀመጪ። ቤታችንን ከላይ አሳይሻለሁ» አልኳት።

«ሰገነቱ ላይ የጣልነው አሮጌ አልጋም ይታያላ?» አለች ተጨንቃ። «ሰው ሁሉ ሊያየው ነው።»

ወሩ ሰኔ ነበር። ደመናውን አልፈን ስንሄድ የደጋው አረንጓዴ ከሥራችን እየሳሳ ሄደ፤ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ቀረ፣ ከጥቁሩም ማዶ የጨው ሐይቅ ነጭ ሆኖ ታየ። የልጅነቴ ሙቀት በመስታወቱ አልፎ የሚመጣ መሰለኝ።

አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው። የዚያን ቀን ነፋሱ ከምዕራብ ይነፍስ ነበርና የቁጥጥር ማማው በባሕሩ በኩል ዞረን እንድንገባ ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ከሄድን ግን ቤታችን አይታይም። ቤታችን በሚታይበት በምዕራቡ፣ በባልባላ ሰፈር በኩል ቀጥ ብሎ መግባትም አልተከለከለም፤ ነፋሱ ከኋላ ይገፋናል እንጂ ከሚፈቀደው አላለፈም።

«በባልባላ በኩል ብንገባስ?» አልኩ።

ካፒቴን ወልዴ ዞር ብለው አዩኝ። «የምታበረው አንተ ነህ። ለምን?»

«ያሳጥርልናል።»

ውሸቴን ነበር።

ተራራው ቶሎ ዝቅ ለማለት አያስችልም፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። የባልባላ ቆርቆሮዎችና ሚኒባሶች ከሥራችን በፍጥነት ሲያልፉ ቁልቁለት ላይ እንደተለቀቀ ጋሪ ሆነን ነበር።

«ከፍታ» አሉ ካፒቴን።

«አይቻለሁ።»

«ፍጥነት።»

«እያስተካከልኩ ነው።»

«አንድ ሺህ።»

አልተስተካከለም። ከፍ ብለናል፣ ፈጥነናል። ወደ ፊት በግራ ሰማያዊው ቤታችን ታየኝ። ማኮብኮቢያው ረጅም ነው፣ አገሩ አገሬ ነው፣ እናቴ ከኋላዬ ናት። ከዞርኩ ፈተናውን ወደቅኩ፣ ያውም እናቴ ፊት፣ ብዬ አሰብኩ። ልቤ ግባ ግባ ይለኛል። የካፒቴኑ እጅ ከጉልበታቸው ላይ ስትነሣ በዓይኔ ጠርዝ አየኋት።

«ጎ አራውንድ» አልኩና ሞተሩን ገፋሁት።

አውሮፕላኑ አጓርቶ ተነሣ። ከተማው ዝቅ አለ፣ ወደቡና መርከቦቹ አለፉ፣ ባሕሩ ተዘረጋ። ዳር ዳሩ እንደ ወይን ጠርሙስ አረንጓዴ፣ ወደ ውስጥ ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ጀልባ ነጭ ሸራዋን ወጥራ የቆመች ትመስላለች። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ እንኳ ማማሩን አልካድኩትም። ዞረን ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን ስንመለስ ሁሉ ነገር በጊዜው በቦታው ተገኘ፤ ጎማው መሬት መንካቱ እንኳ እምብዛም አልተሰማኝም።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ካፒቴን ወልዴ ቀበቷቸውን ሳይፈቱ ተቀመጡ።

«ቃሉ ካንተ አፍ ባይወጣ ከእኔ ይወጣ ነበር። ያኔ ይህን ሥራ እርሳው እልህ ነበር። አሁን እውነቱን ንገረኝ፤ ለምን በባልባላ?»

«እናቴ ከኋላ ናት፣ ካፒቴን። ቤታችንን ላሳያት ብዬ ነው።»

ቀበቷቸውን ፈቱ። «መዞርህን ወድጄዋለሁ፤ አመጣጥህን አልወደድኩትም። ዛሬ አልፈርምም። ከወር በኋላ እንደገና እንበራለን።»

ወርጄ ሙቀቱ ፊቴን ሲለበልበኝ እናቴ መሰላሉ ሥር ከአንዲት ሶማሌ ነጋዴ ጋር ቆማ ጠበቀችኝ።

«ልጅሽ ይሄ ነው? ማሻ አላህ» አለች ሴትዮዋ። «ሁላችን ስንጮህ እናትህ ‹አትፍሩ፣ ልጄ ቤታችንን ሊያሳየኝ ነው› ብላ አረጋጋችን።»

«አየሁት» አለች እናቴ ፊቴን ትክ ብላ እያየች። «አልጋውንም ጭምር።»

የዚያን ቀን ምሳ ከየመኖች ምግብ ቤት የመጣ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር ቀረበልን። እናቴ ለመጣው ጎረቤት ሁሉ ወሬውን ስትደጋግም እኔ እያፈርኩ ጎረስኩ። ከወር በኋላ እንደገና በረርንና ካፒቴን ወልዴ ፈረሙልኝ። እውነቱን ለእናቴ አልነገርኳትም።

የነገርኳት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲያ ነው። «እማዬ፣ ያን ቀን የዞርኩት ላሳይሽ ብዬ አልነበረም። ተሳስቼ ነው» አልኳት።

ሳቀች። «እኔስ መች ቤቱን አየሁና? ከተራራው ጀምሮ ዓይኔን ጨፍኜ ማርያም ማርያም ስል ነው የመጣሁት። ስትወርድ ፊትህ ልክ አልነበረም፤ ደስ ይበልህ ብዬ ነው አየሁት ያልኩህ።» ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች፦ «ዓይኔን የገለጥኩት ሞተሩ ሲያጓራ ነው። ባሕሩን አየሁ። ስንት ዓመት አጠገቡ ኖሬ፣ ለካ እንዲህ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ አውሮፕላን ስንት ጊዜ እንዳሳረፍኩ ቁጥሩን አላውቀውም፤ አብዛኛውንም ረስቼዋለሁ። እናቴ ካረፈች ግን ዓመታት አልፈዋል፤ ናፍቆቷ አልቀነሰልኝም። ስትናፍቀኝ የምትታየኝ ያኔ ላሳያት የጓጓሁለትን ቤት ስታይ አይደለም። እኔ ከፊት በሐፍረት ስነድ፣ እሷ ከኋላ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ባሕሩን ስታይ ነው።